የእህቴን ልጅ «ይመስለኛል» መልሱልኝ

ለተከበሩ የውሃና የተፋሰስ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም ስብሰባው ሲያልቅ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎን መጠየቄ ለወግ ያህል ነው እንጂ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ደህና ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለችና። ሰው ታሞ ይህን ያህል ስብሰባ አይችልም። እኔም መሰላል ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ደጅዎን መጥናቴ ውሃ መውቀጥ ሆኖ ቢያስቸግረኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ በኩል ብመጣ ቀጠሮ አያስፈልገኝም ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅ። የሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ፊደል አጣጣል ያስተማረኝ የለም፤ የሰው ሰሌዳ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እየደመሰስኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። በተቋምዎ በር ላይ «ውሃን እናውቃለን» የሚለውን ሰማያዊ ጽሑፍ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን በእጄ ሥራ ምክንያት ሳይሆን በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። በእርስዎ ተቋም የውሃ ተመራማሪ ነበረች። በቤታችን «ጠብታ» እንላታለን፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሳለች ከግቢው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ አንዲት ጠብታ ወዴት እንደምትሄድ በጣቷ ስትከተል ትውል ስለነበር። ባለፈው በጋ ዐረፈች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ሕመሙም እሷን እንዲያው እያሳሳቀ ወሰዳት፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ እኔ ስቀልድ እሷ ስትመልስ ነበር።

አቤቱታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ሥራዋን ላስታውስዎ፤ በእርስዎ ላይ የሚፈሰው ጉዳይ ብዙ ስለሆነ ይህኛው በሌላ በኩል አልፎዎት ሊሆን ይችላልና። 

ስትቀጠር ዝም አላልኳትም። «አንቺ፣ ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አልኳት። «መውረዱንማ ዶሮም ታውቃለች ጋሼ። በየት በኩል ነው የሚወርደው ስንባባል ነው የምንጣላው» አለችኝ። ቆይቶ ገባኝ። ዝናብ ኮረብታ ላይ ካረፈ በኋላ ወንዙ ጋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ማንም ከዳር እስከ ዳር አልተከተለውም፤ አብዛኛው መንገድ መሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመራማሪ አንድ ሥዕል በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል፤ የአንዱ ሥዕል ከሌላው አይገጥምም፤ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ሥዕሉም አብሮት ጡረታ ይወጣል፣ ሲሞትም አብሮት ይቀበራል። ጠብታን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። የሁሉንም ሥዕል፣ ከየጥናቱ ለቅማ፣ ከየባለቤቱም አፍ ተቀብላ፣ ማንም ተመራማሪ በኮምፒውተር ከፍቶ በሚያየው አንድ የጋራ ቋት ውስጥ ለማኖር ተነሳች።

አንድ ደንብ ብቻ አወጣች። ማንም ወደ ቋቱ የሚገባ ሰው ቃሉን በ«ይመስለኛል» ይናገራል፤ ቀጥሎ ምን አይቶ እንደመሰለው ይናገራል፤ በመጨረሻም ምን ቢያይ ሐሳቡን እንደሚቀይር ይናገራል። «የሚያውቁትን አይደለም የምሰበስበው ጋሼ፣ እሱ መጽሐፍ ላይ አለ። የሚመስላቸውን ነው» አለችኝ። እኔም ላበሽቃት ብዬ ቋቱን «የይመስለኛል ጎተራ» አልኩት። የተቀየመች መስሎኝ ነበር፤ ማግስቱን ኮምፒውተሯ ላይ በዚሁ ስም ሰይማው አገኘሁ።

ሥዕሎቹን አስተካክዬ የምስልላት እኔ ነበርኩ። ዓይን ያየውን የውሃ መንገድ በድፍን መስመር፣ የሚመስለውን በነጠብጣብ እስላለሁ። የተከበሩ ዳይሬክተር፣ የእናንተ ሰዎች ሥዕል ነጠብጣብ ይበዛዋል፤ ይህን የምለው ለማመስገን ነው።

አንድ ቀን ሁለት አንጋፋ ተመራማሪዎችን እህቴ ቤት አምጥታ ሳሎን አስቀመጠቻቸው፤ ከእኛው ከታችኛው ሰፈር በላይ ስላለው፣ ሰፈሩ የሚጠጣው ምንጭ ስለሚፈልቅበት ኮረብታ እንዲናገሩ። አንደኛው ኮረብታው ውሃን መጥጦ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ስፖንጅ ነው ባይ ነው። ሌላኛው ኮረብታው ውስጥ ለውስጥ በስንጥቅና በበሰበሰ የሥር ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ውሃው እንደ ቱቦ በዚያ ይፈተለካል ባይ ነው። እኔም ያንኑ ዕለት ስፖንጅና ቱቦ ብዬ ሰየምኳቸው፤ እነሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

«አንተ እኮ ኮረብታ ስታይ ዕቃ ማጠቢያ ነው የሚታይህ!» አለ ቱቦ።

«አንተ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ መሆን ሲገባህ ነው ተሳስተህ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው» አለ ስፖንጅ።

ጠብታ በመሃል እጇን አነሳችና «ቀስ በሉልኝ፣ እየጻፍኩ ነው። ስድቡን ላስገባው ወይስ ልተወው?» ብትል እህቴ ሳትቀር ሳቀች። ሁለቱም ቃላቸውን ሰጡ፤ ሁለቱም «ይመስለኛል» ብለው ፈረሙ፤ ተቃቅፈውም ወጡ። ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ አንድ ቤት ውስጥ መኖር እንዲችሉ አድርጋ ቋቱን የሠራችው እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። አቤቱታ ቢሉትም አልቃወምም።

አንደኛ። ጠብታ ከተቀበረች በኋላ የቋቱን ቋንቋ ሳይንሳዊ ለማድረግ የማጥራት ኮሚቴ ስላቋቋሙ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል የጥርጣሬ ቃል ናት፣ ለተቋሙ ክብር አትመጥንም ብሎ ወስኖ፣ ኮምፒውተሩን በአንድ ትእዛዝ ከመላው ቋት እንዳስጠረጋት ሰምቻለሁ። ሰው ቤት ሲያጸዳ ቆሻሻውን ከዕቃው ይለያል፤ የእናንተ ኮምፒውተር ግን ትጉህ ስለሆነ የቃሏን ዘመድ አዝማድ ሁሉ፣ «አይመስለኝም»ን ጨምሮ፣ ጠርጎ አወጣ። ከዚያም ተንጠልጥለው የቀሩትን ዐረፍተ ነገሮች አራሚዎ አንድ በአንድ በ«ነው» እና በ«ይሄዳል» ደገፏቸው። ቱቦ ስለዚያ ኮረብታ ከሰጠው ቃል የመጀመሪያው «ኮረብታው ስፖንጅ ነው የሚል ሰው ልክ አይመስለኝም» የሚል ነበር። ዛሬ ቋቱን ቢከፍቱ የቱቦ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ኮረብታው ስፖንጅ ነው የሚል ሰው ልክ ነው።»

ምስኪኑ ቱቦ ዕድሜ ልኩን ሲከራከር የኖረበትን ጉዳይ አንድ ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፍት ተሸንፎ አገኘው። ስፖንጅ እንኳን አልተደሰተም። እኔ ሱቅ መጥቶ፣ ሰሌዳ ለማድረቅ በደረደርኩበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰውዬውን እንዲህ አድርጌ ማሸነፍ አልፈልግም ነበር» አለኝ።

ሁለተኛ። ነጠብጣቦቼን ስላገናኛችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጊዜ አጥቼ የተውኳቸው መስሏችሁ ይሆናል።

ሦስተኛ። ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ፣ ከባዱም እሱ ነው።

ጠብታ ራሷም ስለዚያው ኮረብታ አንድ ቃል አስገብታ ነበር። ሕመሙ ሲጸናባት፣ በበጋው፣ ወደ ምዕራቡ ተዳፋት ውሰደኝ ብላኝ በክንዴ ተደግፋ ወጣች። ጥቂት እንራመዳለን፣ ድንጋይ ላይ እናርፋለን፣ ደግሞ እንነሳለን። እኔ መንገዱን ላሳጥርላት ብዬ «ይኸው አንድ ጠብታ ሽቅብ ስትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ይህን ቋትሽ ውስጥ አስገቢው» ስላት ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ደነገጥኩ። ከላይ ሆና ደረቁን መሬት ረጅም ጊዜ አየችው። «ክረምት ካላየሁት ይሄ ሁሉ ወሬ ነው ጋሼ» አለች። ቤት ተመልሳም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የምዕራቡ ተዳፋት ውሃ ምንጩን ሳይነካ ወደ ማዶው ወንዝ የሚሄድ ይመስለኛል። ያየሁት ግን በበጋ ብቻ ነው። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ክረምት ያስፈልገኛል።»

የኮሚቴው ሥራ ካለቀ በኋላ በእሷ ስም ሥር ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «የምዕራቡ ተዳፋት ውሃ ምንጩን ሳይነካ ወደ ማዶው ወንዝ ይሄዳል።»

ምክንያቱን ልጠይቅ ብዬ አራሚዎ ዘንድ ሄድኩ። እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ «አባባ» እያሉ አስረዱኝ። ስለ በጋው የተጻፈው ቋቱ ውስጥ ወቅት የሚሞላበት ሳጥን ስለሌለ ወጣ። «አንድ ክረምት ያስፈልገኛል» የሚለውን ግን፣ አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፈቃድ ጥያቄ መስሎን ነው ያወጣነው፤ ፈቃድ በአስተዳደር በኩል ነው የሚጠየቀው። ውሃ የማያነሳ ምክንያት በውሃ ተቋም ውስጥ መስማቴ እንግዳ ነገር ስለሆነብኝ አመስግኜ ተነሳሁ። አሁን መልሱ መጥቶልኛል። ትክክል ናቸው፣ የፈቃድ ጥያቄ ነበር። እናንተም አልሰጣችኋት፤ ከእናንተ በላይ ያለውም አልሰጣት።

አራተኛ። በቋታችሁ ላይ እምነት የጣለው የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ተዳፋቱ ከምንጩ ጋር እንደማይገናኝ በጠብታ ስም ተረጋግጦ ስላገኘ፣ ኤክስካቫተር አምጥቶ ምዕራቡን በጥልቅ ቦይ ሰንጥቆታል። ምንጩም ከዚያ ወዲህ እየሰለለ መጣ፤ አሁን አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ሰው ተራ ጥሎ ሄዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለሳል። ምንጩን ያደከመው ቦዩ ነው ወይ ቢሉኝ አላውቅም። ይመስለኛል። ስፖንጅ የሚመስለው ሌላ ነው፣ ቱቦ የሚመስለው ሌላ ነው፤ ሦስታችንም ብንሳሳት አልደነቅም። የማይመስለው፣ የሚያውቀው፣ ሰፈሩ ብቻ ነው። እህቴ በተራዋ ቆማ ሳለች ከኋላዋ ያሉት ሲነጋገሩ ሰማች።

«የማን ጥናት ነው አሉ?»

«የዚያች የሞተችዋ። በእርግጠኝነት ጽፋ ሰጥታቸው ነው አሉ፣ ስሟም አለበት።»

«እሷስ ተገላገለች፣ እኛን አደረቀችን እንጂ።»

ዞር ስትል የጠብታ እናት መሆኗን አዩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለቅሶ የደረሱን እነሱ ናቸው፣ ከእኛ ጋር ያመሹ እነሱ ናቸው። እህቴ ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ምንጩ ጋ አትሄድም፤ ውሃ ከሩቅ፣ ማንም ከማያውቃት ሰፈር ታመጣለች። ሸክሙን ላግዝሽ ስላት እሺ አትለኝም። የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ እኮ አላውቅም ማለት አታፍርም ነበር። እንዴት አድርገው ነው እንዲህ ደፋር ያደረጓት?» እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ ቀልድ አጣሁለት።

አምስተኛ። ስፖንጅና ቱቦ፣ ነፍሷን ይማርና የጠብታን ክረምት እኛ እንይላት ብለው ተስማሙ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። መጪው ዝናብ ሲጀምር ምዕራቡ ተዳፋት ላይ መለኪያቸውን ተክለው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሊከታተሉ ፈቃድ ጠየቁ። ከተቋምዎ የተሰጣቸው መልስ አጭርና ግልጽ ስለነበር አመሰግናለሁ፦ «የታወቀ ተዳፋት ዳግም አይጠናም።» እናም ዳይሬክተር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበልዎ? ልጅቷ ሰው ሁሉ ገብቶ እንዲጠይቅበት የከፈተችውን በር በራሷ ስም ቆለፋችሁት፤ ቁልፉንም መቃብሯ ላይ አስቀመጣችሁት።

ስለ ፎቶዋም ሳላመሰግን አላልፍም። በመግቢያው አዳራሽ ትልቅ አድርጋችሁ ሰቅላችኋታል፣ ከሥሩም «በሥራዋ እርግጠኛ የነበረች ተመራማሪ» የሚል ጽፋችኋል። ፎቶውን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት «ፀጉርሽን ያበጠረልሽ የቱ ነው፣ ስፖንጁ ወይስ ቱቦው?» ብያት ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ነው የተነሳችው። መልሷን አፏ ውስጥ እንደያዘች አለች። በአዳራሹ ሳልፍ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ልትናገር ያለችውን የሚያውቅ ሰው ከእናንተ መካከል ካለ ያስተካክለኝ፣ ግን «እርግጠኛ ነኝ» ልትል አልነበረም።

የተከበሩ ዳይሬክተር፣ ቦዩ ይደፈን አልልም፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ የፈሰሰ ውሃም አይታፈስም። ካሳ አልጠይቅም። ኮሚቴው ይወቀስልኝም አልልም፤ ደክመዋል፣ ይረፉ። የምለምንዎ በእህቴ ልጅ ስም ሥር የነበሩት ቃላት እንደነበሩ እንዲመለሱ ነው፤ «ይመስለኛል» የምትለዋ፣ «በበጋ ብቻ» የምትለዋ፣ «አንድ ክረምት ያስፈልገኛል» የምትለዋም። እነሱ ሲመለሱ ተዳፋቱ መልሶ ያልታወቀ ይሆናል፤ ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ደንብ ይጠናል። ያን ጊዜ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዣንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጠብታ ተሳስታ ከሆነም በሥርዓቱ ተሳስታ ትገኛለች፤ እሷ ከመሳሳት ሸሽታ አታውቅም። እህቴም የልጇን ቃል በሰሌዳ ጽፌ ምንጩ አጠገብ ስተክልላት፣ ጀሪካኗን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።

ብቻ ይፍጠኑልኝ። ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በኮረብታው ማዶ የመጀመሪያው ደመና ተቀምጦ ነበር። የጠየቀችው ክረምት እየመጣ ነው።

ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ በዳገት በተደገፈችበት ክንዴ ይህን የጻፍኩልዎ፣ አክባሪዎ፣

የሰሌዳ ጸሐፊው
የጠብታ አጎት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከወራት በፊት ላስገባሁት ማመልከቻ ከቢሮዎ መልስ ደረሰኝ። «የጠቀሱት ቃል ከቋቱ የወጣችው በሌላ ክፍል ውሳኔ ይመስለናል» ይላል። በደስታ ዘለልኩ። ቃሏ ሞታለች ብዬ ነበር፤ ለካ እርስዎ ዘንድ ደህና ናት፣ ስብሰባ ላይ ናት። በዚያው ፖስታ የበሩ ሰሌዳ ስለደበዘዘ መጥቼ እንዳድሰው አዝዘውኛል። በደስታ እመጣለሁ። ከ«ውሃን እናውቃለን» በኋላ ለአንዲት ቃል የምትበቃ ቦታ እንዳለች አስታውሳለሁ፤ የትኛዋን ቃል እንደምጽፍባትም መልስዎ ነግሮኛል። ቀለሙ በእኔ ነው።